በአስተማሪ ቤት እከክ

አሻር 3

የአሻር ወር ዝናብ ዛሬ በደንብ ገባ። ኩሬው ሞልቶ የሙዙ ሥር ደርሷል። ቢምቢውም አብሮ ገባ፤ አመሻሽ ላይ በር የሚያስከፍት አልሆነም።

ምራቴ ሸፋሊና ልጇ ጁሙር እኔ ጋ ከመጡ ገና ሁለት ወራቸው ነው። ልጄ ሾፊቅ ኳታር ለሥራ ሲሄድ ዳካ የነበራቸውን ክፍል ለቀው መጡ። ቤቱ ድምፅ አገኘ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ዛሬ ጠዋት ጁሙር ከአጎበሩ ስትወጣ እግሯን አየሁት። ቢምቢ የነከሳት ቦታ ሁሉ ግማሽ ሎሚ አክሎ አብጧል፤ መሃሉ ላይ ውሃ የቋጠረም አለ። እኔንም ነክሶኛል፣ እኔ ላይ ግን ነጥብ ብቻ ናት፤ ከሰዓት ጠፋች።

"ዳዲ፣ ቢምቢ ጥርስ አለው?" አለችኝ። አራት ዓመቷ ነው፤ እኔን አያቷን የምትጠራኝ ዳዲ ብላ ነው።

"የለውም። መርፌ ነው ያለው።"

"ታዲያ ለምን ሐኪም ቤት አይሠራም?"

ስስቅ ዋልኩ።

አሻር 7

ጎረቤቴ ኮሂኑር ኩሬው ዳር ልብስ እያጠበች ጁሙርን አየቻት። የዚህች ሴት ዓይን የሚስተው ነገር የለም።

"አፓ፣ ልጅቷን እከክ ያዛት እንዴ?" አለችኝ፣ እዚያ ያሉት ሴቶች በሙሉ እየሰሙ።

"ምን እከክ አመጣብሽ! ቢምቢ ነው።"

"እኛንስ ቢምቢ ይነክሰን የለ? መቼ እንዲህ ሆነን እናውቃለን?" ብላ ሳቀች። "የእናቷ ዘመዶች ከዓሣቸው ጋር ነው አሉ የሚተኙት። ከዚያ ይዛው መጥታ ይሆናላ!"

መመለስ ነበረብኝ፤ የጁሙርን እጅ ይዤ ወደ ቤት ዞርኩ። እንዲያውም እውነቱን ልጻፍ ካልኩ፣ "የእናቷ ዘመዶች" ሲባል ትንሽ ቀለል አለኝ። ከእኔ ወገን አልመጣም ማለት ነው። የሸፋሊ አባት ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ሾፊቅ ሲያገባት እኔ ደስ ብሎኝ አልነበረም።

ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምሬ፣ ልጆች አሰልፌ ጥፍራቸውን ያየሁ ሴት ነኝ፤ አገሩ ሁሉ አፓ፣ እትዬ እንደማለት፣ የሚለኝ ለዚህ ነው። ጥፍሩ የቆሸሸ እጁ በማስመሪያ ይቀምሳል። እከክ ያለበትን "ሂድ፣ እናትህ ትምጣ" ብዬ ከበር እመልስ ነበር። አሁን ደግሞ በእኔ ቤት! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ይሻለኝ ነበር።

ጁሙርን ከግቢ እንዳትወጣ አልኳት።

አሻር 11

ፋታ የለኝም። የኒም ቅጠል አፈላሁ። አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ የልጅቷ ቀሚሶች፣ ሁሉንም ቀቀልኩ። በሻካራ ጨርቅና በሳሙና ፈተግኳት። ጮኸች።

ሸፋሊ፦ "እማ፣ አይፈትጓት፣ ይብስባታል። በቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ ልያዝላት።"

"በዚህ ዝናብ ቀዝቃዛ! ሳንባ ምች ልትሰጫት ነው?"

 ይቺ ልጅ ዝም ስትል ታናድደኛለች።

ከሰዓት። የፈተግኩት ቦታ ደማ።

አሻር 15

ትምህርት ቤቱ ሃምሳኛ ዓመቱን የፊታችን አርብ ያከብራል። ጡረታ የወጣን አስተማሪዎች እንሸለማለን፤ አበባ የሚሰጡን የልጅ ልጆቻችን ናቸው አሉ። ለጁሙር ቢጫ ቀሚስ ልከውላታል። ከጉልበት በላይ የሚቀር ነው። እግሯን የት አባቴ እደብቀዋለሁ?

ሸፋሊ ጤና ጣቢያ እንውሰዳት ትላለች። እዚያ ያለችው ሐኪም ቢልኪስ ናት፤ ፊደል ያስቆጠርኳት የራሴ ተማሪ! ከከተማው ሰው ጋር ወረፋ ተቀምጬ፣ "አፓን ምን አመጣቸው? የልጅ ልጃቸውን እከክ ይዟት" ልባል!

"ከአርብ በኋላ" አልኳት።

"እማ፣ እስኪነጋ ስታክ ነው የምታድረው።"

"ጥፍሯን ቁረጪላታ! እናቷ አይደለሽ?"

ቆርጣላት ነበር ለካ። አሳጥራ፣ ጠርዙን ሞርዳ አለስልሳ። በኋላ ሳይ ነው ያወቅኩት። 

አሻር 19

ሸፋሊ ገበያ ሄዳ ነበር። ጁሙር ታለቅሳለች፣ ታካለች፣ እግሯ ደም በደም ሆኗል። አርብ ከነገ ወዲያ ነው።

እናቴ ተርብም ጉንዳንም ሲነድፈን ኖራ ነበር የምትቀባን። ፓን የሚባለውን ቅጠል ኖራ ቀብታ ከምታኝክበት ሣጥን በጣቷ ጨለፍ አድርጋ። ማሳከኩ ወዲያው ጸጥ ይላል። የዚህ አገር ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው፣ እኔ የፈጠርኩት አይደለም። የራሴም ሣጥን አጠገቤ ነበር፤ ቅጠሉ ላይ ኖራ እየቀባሁ ነበር። ትንሽ ነው፣ ብዙ አይደለም። እንዳታከው በጨርቅ ጠቀለልኩት፣ ካልሲም አደረግኩላት። መጀመሪያ ጮኸች። አባበልኳት፣ ጥቂት ነገር ነገርኳት፣ ከዚያ ደክሟት ተኛች።

ሸፋሊ ስትመለስ ስለ ገበያው ጠየቅኳት። ሂልሳ ዓሣ ገና አልገባም አለች።

አሻር 20

ካልሲው ተጣብቋል። ሸፋሊ በውሃ እያራሰች አወለቀችው። ቆዳው አብሮ መጣ።

"እማ! ይሄ ምንድነው? ምን ነክቷት ነው?"

"አላውቅም።"

"ማነው የጠቀለላት?"

"እኔ ነኝ፣ እንዳታክ ብዬ።"

ሸፋሊ ውሃ ስታፈስባት፣ ስታፈስባት ቆየች። ጁሙር አንድ ቃል አልተናገረችም። እንባዋ ይወርዳል፣ ዓይኗ እኔ ላይ ነው።

አላውቅም አልኩ። ለምን እንዲያ አልኩ?

አሻር 21

ተሸለምኩ። ሻርፕ ነው፣ ስሜ የተጻፈበት ሰሌዳም ጨመሩልኝ። የድሮ ተማሪዬ መድረክ ላይ ወጥቶ "አፓ ጥፍራችንን ብቻ ሳይሆን ልባችንንም ነው ያጸዱልን" ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እኔ ጫማዬን ነበር የማየው። አበባውን የሌላ ሰው ልጅ ሰጠችኝ።

ስለ ጁሙር ለጠየቀኝ ሁሉ "ትንሽ አተኩሷት ነው" እያልኩ ዋልኩ። ውሸቴን ነበር። ቤት ስገባ እውነት ሆኖ ጠበቀኝ፤ ልጅቷ እሳት ሆናለች።

አሻር 23

ሸፋሊ እኔን ሳታስፈቅድ ልጅቷን አቅፋ ጤና ጣቢያ ሄደች። ጃንጥላ ይዤ እየሮጥኩ ተከተልኳት። በዚህ ዕድሜዬ በጭቃ ላይ ስሮጥ ሰው ምን ይል ይሆን እያልኩ ነበር። ልጅቷ እየነደደች እኔ ይህን ነበር የማስበው።

እግሯ እስከ ጉልበቷ ቀልቷል፣ መግል ይዟል፣ ሲነኩት ይፋጃል። ወረፋው ረጅም ነው። ኮሂኑርም ለደም ግፊቷ መጥታ ተቀምጣለች፤ የት ልትቀር! የሐኪሟ በር ክፍት ነው፤ ውስጥ የሚባለው ሁሉ ውጭ ይሰማል።

ቢልኪስ ጨርቁን ስትገልጥ ፊቷ ተለወጠ። "ይሄ የቢምቢ ብቻ አይደለም። ቃጠሎ ነው። ምን ቀባሽባት?"

"ምንም አልቀባኋትም" አለች ሸፋሊ።

"ኖራ ነው፣ አይደል? ስንቴ እንናገር! ኖራ እኮ ቆዳ ይበላል! ያውም ተቧጥጦ በደማ ቆዳ ላይ፣ ያውም ጠቅልለሽ! አንቺ እናት አይደለሽም እንዴ?"

ሸፋሊ ቀስ ብላ ዞራ አየችኝ። ያወቀችው ያኔ ነው። አሁን ትናገራለች ብዬ ጠበቅኩ። አልተናገረችም። አንገቷን ደፋች።

ቢልኪስ ያኔ አየችኝና ከወንበሯ ብድግ አለች። "አፓ! እርስዎ እያሉ እንዴት እንዲህ ይሆናል?"

እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? "የዛሬ ልጆች ምን ያውቃሉ ብለሽ ነው" አልኩ። ይህንኑ ነው ያልኩት፣ ከነቃሉ። ውጭ ያሉት ሴቶች ከንፈራቸውን ሲመጥጡ ሰማሁ፤ ለእኔ አዝነው።

ከዚያ ቢልኪስ እንደ ተማሪ አስቀምጣ አስረዳችኝ። እከክ አይደለም። ተላላፊም አይደለም። አንዳንድ ልጅ የቢምቢው ምራቅ አይስማማውም፣ ሰውነቱ ይቆጣል፤ አዲስ ሲነክሰው የድሮውም አብሮ ያብጣል፤ ብዙዎቹን እያደጉ ሲሄዱ ይተዋቸዋል።

"ቆሻሻ አይደለም?" አልኳት።

"ምን ቆሻሻ አፓ! ንጹሕ ልጅ ናት።"

ሲነክሳት በሳሙናና በውሃ ማጠብ፣ ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ መያዝ፣ ለማሳከኩ የሰጠችንን ሮዝ ቀለም ያለው ቅባት ማድረግ፣ ሲብስባት የታዘዘላትን ሽሮፕ መስጠት፣ ረጅም ሱሪ ማልበስ። አለመፈተግ። ቀላ ብሎ ከሰፋ፣ ከተፋጀ፣ መግል ከያዘ ሳይውሉ ሳያድሩ መምጣት። አሁን ላለው ቃጠሎና መግል ደግሞ መድኃኒት ጻፈችላት፤ ፋሻው በየቀኑ ይቀየራል።

ቀዝቃዛ ጨርቅ! ሸፋሊ ከአሥራ ሁለት ቀን በፊት ያለችውን።

አሻር 28

አርብ። ሾፊቅ የዕረፍት ቀኑ ነውና ደወለ። ሁሉን ሰምቶ ነው የደወለው፤ የኮሂኑር ልጅ እዚያው ኳታር አብሮት ይሠራል። ወሬ ከእኛ ኩሬ ተነስቶ ኳታር ለመግባት አምስት ቀን በቃው።

ሸፋሊ ላይ ጮኸባት። ስልኩ ከጆሮዋ ርቆ እንኳ ይሰማኝ ነበር። "ልጄን አቃጥለሽ ሰው ሁሉ ካወቀ በኋላ ልስማ? ወደ አባትሽ ቤት ሂጂ! ዝናቡ ካለፈ በኋላ ስመጣ እንነጋገራለን። ጁሙር ከእናቴ ጋር ትቀራለች!"

ከዚያ እኔን ጠየቀ። "እማ፣ ልጄን ካንቺ ሌላ አምኜ የምሰጠው ሰው የለኝም" አለኝ። ድምፁ እየተቆረጠ ነበር፣ ያለቅስ ነበር መሰለኝ።

"አትቸኩል ልጄ" አልኩት።

በቃ፣ ይሄው ነው። "አትቸኩል ልጄ"። ሌላ ቃል አልወጣኝም። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን ብዙ ቃል መጣልኝ።

አሻር 31

ከሰዓት፣ ዝናብ። ጁሙር ተኝታለች። ቤቱ ጸጥ ስላለ በደንብ ልጻፍ።

ቁስሉ እየደረቀ ነው። ሸፋሊ ጠዋት ጠዋት እጇን ታጥባ፣ ፋሻውን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ አርሳ፣ ቀስ አድርጋ ታነሳዋለች። ልጅቷ ስትንሰቀሰቅ "አሁን አለቀ፣ አሁን አለቀ" ትላታለች። እኔ በሩ ላይ እቆማለሁ። እኔ ስጠጋ ጁሙር እግሯን ትሰበስባለች። ይህን ሸፋሊ አይታለች፤ እንዳላየች ሆነች።

ዛሬ "ይምጡ እማ፣ እዚህ ይቀመጡ" አለችኝ። "ይሄን ይልመዱት።"

"ምኑን?"

"አሰራሩን። ወንድሜ አርብ ሊወስደኝ ይመጣል። እኔ ስሄድ እርስዎ ነዎት የሚያደርጉላት።"

ከዚያ አስተማረችኝ። ቅባቱ ስስ ነው የሚደረገው፤ ወፍራም አይደለም። ጨርቁ በቀዝቃዛ ውሃ ተነክሮ ይጨመቃል፣ አሥር ደቂቃ ይያዛል፣ አይታሸም። ሽሮፑ በራሱ መለኪያ ነው። አመሻሽ ከመድረሱ በፊት ሱሪ፣ ከዚያ አጎበሩ ከፍራሹ ሥር ይጠቀጠቃል፤ ቀዳዳ ካለ ይሰፋል። ለምን እንደምታለቅስ ሳይጠይቁ ዘፈን መዝፈን፤ እሷ የምትወደው የዳክዬዋን ነው። እኔ የዳክዬዋን ዘፈን አላውቀውም። እሱንም አስጠናችኝ።

መጨረሻ ላይ አልቻልኩም። "ለምን አልተናገርሽም?" አልኳት። "እዚያ፣ ሐኪሟ ፊት።"

ፋሻውን እየጠቀለለች መለሰችልኝ። ቁጣም የለባት።

"ብናገር ማን ያምነኛል? እርስዎ አፓ ነዎት። እኔ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነኝ። 'ጥፋቷ አንሷት አማቷ ላይ ልትለጥፍ' ነበር የሚሉኝ።" ቀጥላ ደግሞ፣ "እርስዎ ይናገራሉ ብዬ ነበር" አለች።

ተነስቼ ወጣሁ። ወጥ ቤት ገብቼ የታጠበ ሳህን ደግሜ አጠብኩ።

ክፉ ሴት አይደለሁም። ለልጅቷ ብዬ ነው ያደረግኩት። ማንም ሊሳሳት ይችላል፤ እናቴም ታደርገው ነበር። ይህን ሁሉ ለራሴ እነግረዋለሁ፣ ራሴ ግን አልሰማ አለኝ። ለስህተቱ ማንም ይቅር ይለኝ ነበር። ቢልኪስ እንኳ ተቆጥታ ትተወኝ ነበር። ያሳፈረኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

ስራቦን 2

አዲሱ ወር ስራቦን ገባ። ኮሂኑር መጥታ "ጥሩ አደረጋችሁ አፓ፣ እንዲህ ዓይነቷን ወደመጣችበት ነው" አለች። በር ላይ ቆሜ አሰናበትኳት። ሾፊቅ ጋ ደወልኩ። ሥራ ላይ ነው፣ በስተጀርባው የብረት ጩኸት ይሰማል። "እማ፣ ደህና ነሽ?" አለኝ። "ደህና ነኝ፣ ድምፅህን ልስማ ብዬ ነው" ብዬ ዘጋሁት።

ፈሪ ነኝ። ይጻፍ።

ስራቦን 4

አርብ። 

የሸፋሊ ወንድም ጠዋት በጀልባው መጣ። ሴቶቹ ኩሬውን ትተው ወንዙ ዳር ተሰብስበዋል፤ የሰው ጉድ ለማየት ማን ይቀራል። ሸፋሊ አንድ ጥቅል ብቻ ነው የያዘችው። ጁሙር አንገቷን አቅፋ አልለቅም አለች። እንድቀበላት ጠበቁኝ። እጄን ዘረጋሁና መልሼ አወረድኩት።

ያኔ ነው ስልኩን ያወጣሁት። ሾፊቅ ሲያነሳ ድምፁን ከፍ አደረግኩት። በሰው ፊት የዋሸሁትን በሰው ፊት ልናገረው ብዬ።

"ሾፊቅ፣ ሚስትህ ምንም አላደረገችም። ኖራውን የቀባሁት እኔ ነኝ። የጠቀለልኳትም እኔ ነኝ። ሐኪሟ ፊትም ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።"

 ከዚያ "እማ" አለኝ፣ በለሰለሰ ድምፅ። "አውቃለሁ፣ አዝነሽላት ነው። የሰው ጥፋት መሸከም ልማድሽ ነው። ግን ስለ ልጄ ነው፣ እባክሽ አትከላከይላት።"

"ወላሂ እኔ ነኝ!"

"አያችሁ?" አለች ኮሂኑር፣ እንባዋን በሻርፗ እየጠረገች። "እንዲህ ዓይነት አማት የት ይገኛል? የምራቷን ጉድ በራሷ ላይ ስትወስድ! መልአክ ናት እኮ!" ሌሎቹም "እውነት ነው፣ እውነት ነው" አሉ። እኔ በማልኩ ቁጥር እነሱ ያመሰግኑኛል። ሠላሳ አንድ ዓመት ያካበትኩት ስም ዛሬ አፌን አፈነኝ። ሸፋሊ ወንዙን ነበር የምታየው፤ እንደዚህ እንደሚሆን ቀድማ የምታውቅ ትመስል ነበር።

"ጁሙርን አምጪልኝ" አለ ሾፊቅ። ስልኩን ወደ ልጅቷ አስጠጋሁ። "ጁሙር፣ የኔ ዓይን፣ እግርሽን ማነው መድኃኒት የቀባሽ?"

ፊቷን የእናቷ አንገት ውስጥ ደበቀች። "አልናገርም።"

"ለምን? ለአባባ አይነገርም እንዴ?"

"ዳዲ አትናገሪ ብላኛለች።"

  ጁሙር ቀና ብላ እኔን አየችኝ፣ ቃሏን አፍርሳ የተያዘች መስሏት ከንፈሯ እየተንቀጠቀጠ። ቀስ ብላ ጨመረች፦

"ከተናገርሽ እናትሽን ይወስዷታል አለችኝ። እኔ ደግሞ ለማንም አልተናገርኩም። ታዲያ ለምን ይወስዷታል?"

አዎ፣ ያን ቀን ለማባበል ብዬ ይህንን ነው የነገርኳት። እዚህ ደብተር ላይ "ጥቂት ነገር" ብዬ ያለፍኩት ነው። የአራት ዓመት ልጅ፣ ቆዳዋ እየተላጠ፣ አሥራ ስድስት ቀን ምስጢሬን ጠበቀችልኝ።

"ሸፋሊን ስጫት" አለ ሾፊቅ። እማ አላለኝም።

ሸፋሊ ስልኩን ተቀብላ ራቅ ብላ ቆመች። ብዙ እሱ ተናገረ፣ እሷ ጥቂት መለሰች። ከዚያ ስልኩን መለሰችልኝና ጁሙርን አቅፋ ጀልባው ላይ ወጣች። "ማንም አይወስደኝም" አለቻት። "አብረን አያትሽ ጋ ሄደን ዓሣ እንበላለን።" ለእኔ ደግሞ "ቁስሏ እስኪድን እዚያ ብንሆን ይሻላል" አለችኝ። ጨዋ ናት፤ ድምፅዋን አላነሳችም።

መድኃኒቶቹን፣ ሽሮፑንና ሮዙን ቅባት፣ ሮጬ ከቤት አምጥቼ ለወንድሟ አቀበልኩት። ጀልባው እስኪታጠፍ ድረስ ቆሜ አየሁ። ዞር ስል ሴቶቹ መንገድ ለቀቁልኝ፤ ኮሂኑር መሬት መሬት ታያለች። በመካከላቸው አልፌ ወደ ቤት ስገባ "አፓ" ብሎ የጠራኝ አልነበረም።